የአባቶቻችን ራዲዮ ሲታደስ ስለ ጠባቂ ዕቃዎቹ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ከአባትና ከአያት በውርስ የመጣ ዕቃ ሁሉ በሁለት ዓይን ሊታይ ይገባዋል፤ በአንደኛው ዓይን በፍቅርና በትዝታ፤ በሁለተኛው ዓይን በጥንቃቄና በምርመራ። የአያት ጎራዴ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢኖር ዝገቱን ከመጥረግ በቀር ሌላ ድካም አይጠይቅም። የአያት መጽሐፍም ከምስጥና ከእርጥበት ከተጠበቀ ለልጅ ልጅ ይነበባል። ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ፤ የድምፅ ማጉያና ቴፕ ግን እንደ እነዚህ አይደሉም። ለምን ቢሉ፤ ሥራቸውን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኤሌክትሪክም መንገዱን ይዞ ሲሄድ ያበራል፤ ያሞቃል፤ ያናግራል፤ መንገዱን በለቀቀ ጊዜ ግን ቤት ያቃጥላል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎች ልብ ይበሉ። በ1935 ዓ.ም. የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የኢትዮጵያን ድምፅ ወደ ውጭ አገር ባሰማበት ዘመን በአገራችን ራዲዮ የነበራቸው ቤቶች ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን በሆላንድና በጀርመን አገር የተሠሩ፤ ሣጥናቸው በተወለወለ እንጨት ያማረ፤ ፊሊፕስ፤ ግሩንዲግ፤ ቴሌፉንከን የተባሉ ራዲዮዎች ወደ ብዙ ቤት ገቡ። ቤተ ሰቡም ማታ ማታ በዙሪያቸው ተሰብስቦ ወሬና ዜማ ይሰማ ነበር። ዛሬ እነዚህ ራዲዮዎች ከአልጋ ሥርና ከዕቃ ቤት እየወጡ አቧራቸው እየተጠረገ በእልፍኝ መቀመጥ ጀምረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ሣጥኑ መወልወልና ስለ ድምፁ መጥራት ብቻ ነው፤ በውስጡ ተቀምጠው ራዲዮውንም ቤቱንም የሚጠብቁትን ትንንሽ ዕቃዎች የሚያስታውሳቸው የለም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለ እነርሱ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ራዲዮው ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። በሙት ዓመቱ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ስንሰበሰብ፤ እናቴ የሚወደውን ሸክላ እንድንሰማ ፈለገችና አንድ ሠራተኛ ተጠራ። እርሱም የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ቢያይ ፊውዙ ተቃጥሎ አገኘው። በኪሱ የሚተካው ፊውዝ ስላልነበረው ከአንድ አሮጌ ገመድ ቀጭን የመዳብ ክር መዘዘና በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠመጠመበት። ራዲዮውም ወዲያው ተናገረ፤ እናቴ እልል አለች፤ ሠራተኛውም ተመስግኖ ሄደ። በሦስተኛው ማታ የሬንጅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከራዲዮው ሥር ጥቁር ነገር ይንጠባጠብ ጀመር፤ ጢሱም ከኋላው ወጥቶ መጋረጃውን አጠቆረው። እናቴ ሮጣ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰው አልተጎዳም፤ የራዲዮው ትራንስፎርመር ግን ከሰል ሆነ። በኋላ አንድ የታወቀ ባለሙያ ሲመረምረው፤ ፊውዙ አስቀድሞ የተቃጠለው በውስጥ አንድ ኮንደንሰር ስለ ታመመ መሆኑን ነገረን። ፊውዙ በሽታውን እየተናገረ ነበር፤ እኛ ግን አፉን በመዳብ ለጎምነው።

እንግዲህ ጠባቂ ዕቃ ማለት እንደ በር ዘበኛ ያለ ነው። ቤቱ ሰላም ሲሆን ሥራው አይታይም፤ የሚበላውን ደመወዝ እንኳ የሚቆጥርበት ሰው አይጠፋም። ሌባ በመጣ ሌሊት ግን ቤቱ የሚድነው በእርሱ ነው። ዘበኛም ያረጃል፤ ዓይኑ ይፈዛል፤ ጆሮው ይደነቁራል። ከዚህም የሚብሰው፤ አንዳንዱ ዘበኛ ሲያረጅ ራሱ ሌባ ይሆናል። በአሮጌ ራዲዮና በድምፅ ማጉያ ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ብዙዎቹ ዛሬ በፋብሪካ አይሠሩም፤ ስለዚህ በምን መተካት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። እነሆ አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን።

1ኛ፤ ስለ ፊውዝ

ፊውዝ ማለት ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲያልፍበት ቀድሞ ቀልጦ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ነው። ይህ ብልኃት ከራዲዮ በፊት የተገኘ ነው፤ ከ1864 ዓ.ም. ጀምሮ የቴሌግራፍ ገመዶችን ለመጠበቅ ይሠራበት ነበር፤ ዝነኛው ኤዲሰንም በ1890 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ማደያው የፊውዝ ባለቤትነት ፈቃድ አግኝቶበታል።

ፊውዝ በሚተካበት ጊዜ አራት ነገር መመልከት ይገባል፤ ይኸውም ልኩን፤ አምፔሩን፤ ቮልቱንና ፍጥነቱን ነው። በልኩ ረገድ የአውሮፓ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ 20 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የብርጭቆ ፊውዝ ይወስዳሉ፤ የአሜሪካና የቀድሞ የእንግሊዝ ዕቃዎች ደግሞ 32 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 6.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ይወስዳሉ። በፍጥነቱ ረገድ ኤፍ የሚል ፊደል የተጻፈበት ፈጣን ነው፤ ቲ የሚል ፊደል የተጻፈበት ግን ዘገምተኛ ነው። ሁለቱም ፊደላት ከጀርመንኛ ቃል የተወሰዱ ናቸው። ትራንስፎርመር ያለው ራዲዮ በሚበራበት ቅጽበት ለጥቂት ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዘገምተኛው ይስማማዋል፤ ፈጣኑን ቢያገቡበት ግን ያለ ምክንያት እየተቃጠለ ባለቤቱን ያሰለቻል፤ የተሰለቸ ሰውም ወደ መዳብ ክር ይሄዳል።

አምፔሩን ለማወቅ ሒሳቡ ቀላል ነው። ከራዲዮው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ለቮልቱ ማካፈል ነው። 60 ዋት የሚፈጅ ራዲዮ በአገራችን 220 ቮልት ላይ ሲሠራ 0.27 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የፋብሪካው ጽሑፍ ሌላ ካላለ 400 ወይም 500 ሚሊ አምፔር የሆነ ዘገምተኛ ፊውዝ ይበቃዋል። ያው ራዲዮ በ110 ቮልት ቢሠራ ግን 0.55 አምፔር ያህል ስለሚወስድ ፊውዙ እጥፍ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ከ110 ወደ 220 ቮልት የተዛወረ ዕቃ የቀድሞ ፊውዙን ይዞ ቢቀር፤ ጠባቂው ከሚገባው በላይ ታጋሽ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በአውሮፓ ራዲዮዎች ጀርባም 110፤ 127፤ 220 የሚል የቮልት መምረጫ ስላለ፤ ገመዱ ከግድግዳ ከመሰካቱ በፊት ይህን መመልከት አይረሳ።

የመዳብ ክር ነገር ምን ያህል ጉዳት እንዳለው ለማስረዳት አንድ ቁጥር ብቻ እንስጥ። ውፍረቷ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነች፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች የመዳብ ክር ለመቅለጥ 7 አምፔር ያህል ትፈልጋለች። ይህ በ220 ቮልት ላይ ከ1500 ዋት በላይ ነው፤ አንድ የልብስ ካውያ የሚያግል ኃይል ነው። እንግዲህ 60 ዋት ሊፈጅ በተሠራ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የካውያ እሳት እስኪነድ ድረስ ዝም የሚል ዘበኛ ማቆም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

ሌላም ስሕተት አለ። በመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የብርጭቆ ፊውዝ ለዓይን ከራዲዮው ፊውዝ ጋር አንድ ይመስላል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት ለ32 ቮልት ነው፤ በ220 ቮልት ላይ ሲቀልጡ ውስጣቸው የሚነሣውን የእሳት ብልጭታ ማጥፋት ላይችሉ ይችላሉ። ስለዚህ በቆቡ ላይ 250 ቮልት የሚል ጽሑፍ ሳያዩ አለመግዛት ነው።

በጥንት ዘመን የተሠሩ አያሌ የአሜሪካ ራዲዮዎች ከቶ ፊውዝ የላቸውም። እነዚህ ሲታደሱ፤ ገመዱ ወደ ሣጥኑ ከሚገባበት አጠገብ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ከመድረሱ በፊት ፊውዝ ይጨመርላቸው። የዕቃው መልክ ተለወጠ ብሎ የሚቆጭ ቢኖር፤ ፊውዙ ከኋላ ስለሚገባ ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው አይታይም።

2ኛ፤ ትኩሳትን ስለሚጠብቀው ዕቃ

አንዳንድ የአውሮፓ ራዲዮዎች በትራንስፎርመራቸው ላይ ሌላ ዘበኛ አላቸው። ይህም በቀላሉ በሚቀልጥ ብረት የተያዘ ትንሽ የሞላ መሣሪያ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ከመጠን በላይ ሲግል ብረቱ ቀልጦ ሞላው ይላቀቅና መንገዱን ይቆርጣል። ፊውዝ የሚጠብቀው ድንገተኛውን ብዛት ሲሆን፤ ይህኛው የሚጠብቀው ቀስ እያለ የሚመጣውን ትኩሳት ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ግን በወፍራም ቆርቆሮ ተበይዶ ነው፤ ምክንያቱም የቀድሞው ሠራተኛ ራዲዮው እንዲናገርለት እንጂ የተላቀቀበትን ምክንያት ለማወቅ አልፈለገም። ተራ የመበየጃ ቆርቆሮ የሚቀልጠው በ183 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያን ያህል እስኪግል ድረስ የትራንስፎርመሩ ወረቀትና ቫርኒሽ አስቀድሞ ያርራል።

ይህ ዕቃ ዛሬ ባይገኝም ምትኩ አለ፤ ይኸውም ዲግሪውና አምፔሩ በላዩ የተጻፈ ትንሽ የትኩሳት ፊውዝ ነው። ከትራንስፎርመሩ ጥቅል ጋር በደንብ ተጠግቶ መታሰር አለበት። በሚበየድበት ጊዜ ግን ብልኃት ይጠይቃል፤ የመበየጃው ትኩሳት በእግሩ በኩል ገብቶ ራሱን ፊውዙን ያቀልጠዋልና፤ እግሩን በጉጠት ይዞ ትኩሳቱን ወደ ጉጠቱ ማሳለፍ፤ ወይም ሳይበይዱ በመጭመቂያ ማያያዝ ይሻላል። ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ ፊውዝ አግብቶ ዕቃው አልሠራ ሲለው ፊውዙን ያማል።

3ኛ፤ በማብሪያው ቅጽበት የሚመጣውን ግፊት ስለሚያበርድ ዕቃ

ጥንታውያን ራዲዮዎች በብርጭቆ ቫልቭ የሚሠሩ ናቸው፤ በቫልቩም ውስጥ እንደ ፍም የሚቀላ ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ በቀዘቀዘ ጊዜ ኃይሉን የሚቃወምበት ጉልበት ከጋለ ጊዜ ይልቅ ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ ራዲዮው በሚበራበት ቅጽበት ኃይሉ ያለ ከልካይ ይገባል፤ ቫልቩም እንደ መብረቅ ብልጭ ይላል። የቫልቮች ሽቦ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

ይህን ለማብረድ የተገኘው ዕቃ ቴርሚስተር ይባላል። ጠባዩ ከተራ ሽቦ ተቃራኒ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይከለክላል፤ ሲግል ያሳልፋል። የእንግሊዙ ሊቅ ፋራዴይ ይህን ጠባይ በ1833 ዓ.ም. በአንድ የብር ማዕድን ውሕድ ላይ አይቶት ነበር፤ ለሥራና ለገበያ የሚሆነውን ግን ሳሙኤል ሩበን የተባለ አሜሪካዊ በ1930 ዓ.ም. ሠራው። በአሮጌ ዕቃ ውስጥ ያለው ቴርሚስተር ጥቁር በትር ይመስላል፤ ከዕድሜ ብዛት ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ወይም እግሩ ይላቀቃል።

የዛሬው ምትክ ቅርጹ እንደ ሳንቲም ክብ ነው። ሲመረጥ ራዲዮው ሁልጊዜ የሚወስደውን አምፔር መሸከም የሚችል ይሁን፤ ከዚያም በጣም የሚበልጥ ቢሆን በደንብ ስለማይግል ከልካይነቱ አይለቅም። በሥራ ላይ ሳለ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል፤ ከሰም ኮንደንሰሮችና ከጎማ ሽቦዎች ራቅ ብሎ በአየር ላይ ይቁም። ባለቤቱም አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ራዲዮውን አጥፍቶ ወዲያውኑ መልሶ ቢያበራ ቴርሚስተሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ጥበቃውን አይሰጥም። አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ለቫልቮቹ ዕድሜ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

4ኛ፤ ሌባ ስለሚሆነው ዘበኛ፤ ይኸውም ስለ ኮንደንሰር

ዛሬ ሠራተኞች ካፓሲተር የሚሉት ኮንደንሰር ብዙ ዓይነት ነው። እዚህ የምንናገረው ግን ከግድግዳው በሚመጡት በሁለቱ ገመዶች መካከል፤ ወይም በገመዱና በራዲዮው የብረት ሻንሲ መካከል ስለሚቆመው ብቻ ነው። የቆመበት ምክንያት ከኤሌክትሪክ መሥመሩ ጋር የሚመጣውን ጩኸት ለማጣራት ነው። የቀድሞዎቹ በሰም ወይም በዘይት ከተነከረ ወረቀት የተሠሩ ናቸው፤ ወረቀትም በዓመታት ብዛት እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀትም ኃይሉን ያፈስሳል።

በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለው ሲበላሽ ጢስና እሳት ያመጣል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ሪፋ የተባለው የስዊድን ፋብሪካ የሠራው፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ቢጫ ልባስ የተሸፈነው የወረቀት ኮንደንሰር ነው። በተሠራበት ጊዜ የተመሰገነ ዕቃ ነበር፤ ነገር ግን ልባሱ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም እርጥበት ይገባል፤ አንድ ቀን ዕቃው ሲበራ ይፈነዳና ቤቱን በሚከረፋ ጢስ ይሞላዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ሬቮክስ አ77 የተባለው የስዊስ ቴፕ እንዲህ ያሉ ኮንደንሰሮች ከሚገኙባቸው ዝነኛ ዕቃዎች አንዱ ነው። የአባቱን ወይም የእናቱን ድምፅ በቴፕ ቀርጾ ያስቀመጠ ሰው፤ ያን ክር የሚያጫውትለትን መኪና ሳያስመረምር ማብራት አይገባውም።

በገመዱና በሻንሲው መካከል ያለው ሲበላሽ ግን ከዚህ ይብሳል፤ የራዲዮውን ብረት የነካ ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ሳይበላሽ እንኳ መጠኑ ትልቅ ከሆነ መጥፎ ነው። በ220 ቮልት ላይ 0.05 ማይክሮ ፋራድ የሆነ ኮንደንሰር 3.5 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ ሻንሲው ያሳልፋል፤ ይህም እጅን የሚያስደነግጥ ነው። መጠኑ 0.0047 ማይክሮ ፋራድ ቢሆን ግን የሚያልፈው 0.3 ሚሊ አምፔር ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ የዓለም ባለሙያዎች ለእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ሁለት መደብ አበጅተዋል። በሁለቱ ገመዶች መካከል የሚገባው ኤክስ የተባለው መደብ ነው፤ በገመድና በሻንሲ መካከል የሚገባው ደግሞ ዋይ የተባለው ነው። ዋይ ጥብቅ ነው፤ ቢበላሽ እንኳ መንገዱን ቆርጦ እንዲቀር እንጂ ኃይሉን ወደ ሰው እንዲያሳልፍ አይፈቀድለትም። ለቤት ዕቃ ኤክስ 2 እና ዋይ 2 የሚል የተጻፈባቸው ይበቃሉ። በኤክስ ስፍራ ዋይ ቢገባ ጉዳት የለውም፤ በዋይ ስፍራ ኤክስ ወይም ሌላ ተራ ኮንደንሰር ማግባት ግን በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

5ኛ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስለሚመጣው ማዕበል

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም በክረምት መብረቅ ሲወርድ በመሥመሩ ላይ ከ220 ቮልት እጅግ የሚበልጥ ማዕበል ለቅጽበት ሊመጣ ይችላል። ቀድሞ ይህን ለመመከት ሴሌንየም ከተባለው ማዕድን የተሠሩ ተደራራቢ ሳሕኖች በአንዳንድ ዕቃዎች ይገቡ ነበር። ሴሌንየም ግን ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ በተቃጠለም ጊዜ ሽታው የሚከረፋና መርዛም ጢስ ስለሚያወጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሸተተ ገመዱን ነቅሎ መስኮት መክፈትና ከክፍሉ መውጣት ነው።

የዛሬው ምትክ ከዚንክ ኦክሳይድ የተሠራው ቫሪስተር ነው። ለ220 ቮልት መሥመር 275 ቮልት የተጻፈበት ይመረጣል። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። አንደኛ፤ ከፊውዙ በኋላ እንጂ በፊት አይግባ፤ እርሱ በተበላሸ ጊዜ ፊውዙ እንዲቆርጠው ነው። ሁለተኛ፤ ቫሪስተር የሚቀበለው እያንዳንዱ ምት ያደክመዋልና የትኩሳት ፊውዝ አብሮት ያለበትን መግዛት ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠውና ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ጥበቃ ግን፤ መብራት በሄደ ጊዜ የራዲዮውን ገመድ ከግድግዳ መንቀልና መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ መታገሥ ነው።

6ኛ፤ የድምፅ ማጉያውን ስፒከር ስለሚጠብቀው ሪሌ

በ1970ዎቹ ዓመታት በጃፓን አገር የተሠሩት ትላልቅ የድምፅ ማጉያዎች ሲበሩ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ይሉና ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ያ ድምፅ የሪሌው ነው። ሪሌው ማጉያው እስኪረጋ ድረስ ስፒከሩን ለይቶ ያቆየዋል፤ በኋላም ከማጉያው አንዱ ትራንዚስተር ተበላሽቶ ቀጥተኛ ኃይል ወደ ስፒከሩ ቢመጣ ወዲያው ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለው ኃይል የስፒከሩን ጥቅል በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ሊያቃጥለው ይችላልና ሪሌው ትልቅ ባለውለታ ነው።

ሪሌ ሲያረጅ የሚነካኩት ከንፈሮቹ ይጠቁራሉ፤ ከዚህም የተነሣ አንዱ ስፒከር እየጠፋ ይመለሳል፤ ወይም ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ብቻ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ችኩል ሠራተኛ ሪሌውን በሽቦ አልፎ ያገናኘዋል። ድምፁ ይመጣል፤ ዘበኛው ግን ተባረረ። ከንፈሮቹን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅም አይገባም፤ በላያቸው ያለውን የብር ልባስ ያነሣዋልና። በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ወረቀት ቀስ ብሎ መጥረግ ለጊዜው ይረዳል፤ የሚዘልቀው ግን መተካት ነው። አዲሱ ሪሌ የጥቅሉ ቮልት ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን፤ የጥቅሉም ኦም ይቀራረብ፤ ከንፈሮቹ የሚሸከሙት አምፔር ከቀድሞው አይነስ፤ የእግሮቹም አቀማመጥ ይግጠም። ባይገጥም በትንሽ ገበታ ላይ አስቀምጦ በሽቦ ማድረስ ይቻላል።

ሻንሲው ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሆነበት ራዲዮ

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግድ ሆነብን። በጥንት ጊዜ ርካሽ እንዲሆኑ ያለ ትራንስፎርመር የተሠሩ ራዲዮዎች አሉ። በእነዚህ የብረቱ ሻንሲ ከግድግዳው ገመድ ከአንዱ ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። በአገራችን የሚሠራበት መሰኪያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወዲህም ወዲያም ተገልብጦ ስለሚገባ፤ ሻንሲው የትኛውን ገመድ እንደሚያገኝ አይታወቅም። እንዲህ ያለው ራዲዮ የመሬት ሽቦ አይታሰርበትም፤ የወለቀ መዘወሪያውና የጎደለ የኋላ ክዳኑ ሳይተካ ሕፃናት ባሉበት ቤት አይቀመጥ፤ ሠራተኛውም የሚለይ ትራንስፎርመር ሳያስገባ አይመርምረው። ትራንስፎርመር ላለው ራዲዮ ግን ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አግብቶ ሻንሲውን ከመሬት ጋር ማሰር መልካም ነው።

ስለ መጀመሪያው መብራት

ይህ ሁሉ ከተተካ በኋላ ብዙ ዓመት ተኝቶ የኖረ ዕቃ በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ሊሰጠው አይገባም፤ ረጅም ጾም የጾመ ሰው በአንድ ጊዜ ጥሬ ሥጋ እንደማይበላ ማለት ነው። የታወቀው ብልኃት ከራዲዮው ጋር በተከታታይ አንድ የቆየ ባለ ሽቦ አምፑል ማሰር ነው። 50 ዋት ለሚፈጅ ራዲዮ 60 ዋት ወይም 100 ዋት አምፑል ይስማማል። አምፑሉ ጥቂት ቦግ ብሎ ቢፈዝዝ መልካም ምልክት ነው፤ ደምቆ ቢቀር ግን በውስጥ ኃይሉን የሚያፈስስ ነገር አለና ወዲያው ይጥፋ። የዛሬው ኤል ኢ ዲ የተባለው አምፑል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በኮንደንሰሮቹ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ስለሚችል፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ክዳኑን ከፍቶ እጁን እንዳያገባ እንለምናለን።

መልክን ስለ መጠበቅ

ከአንባቢዎቻችን መካከል፤ የጥንት ዕቃ ጥቅሙ እንደ ጥንቱ መቆየቱ አይደለምን፤ አዲስ ነገር ከገባበት ምኑን የአባቴ ራዲዮ ሆነ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ድምፁን የሚሰጡት ቫልቮቹ፤ ትራንስፎርመሩ፤ ስፒከሩና ሣጥኑ ናቸው፤ ፊውዝና መስመር ላይ ያለው ኮንደንሰር ለድምፁ የሚጨምሩለት ነገር የለም። የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሣሩ ሲያረጅ ቢለወጥ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ሆነ አይባልም። ደግሞም ጥንቁቅ ሠራተኞች የአሮጌውን ኮንደንሰር ቆዳ ባዶ አድርገው አዲሱን በውስጡ ይሸሽጉታል፤ ይህ የሚደረገው ግን በሰም ወረቀት በተጠቀለሉት ላይ ብቻ ነው። በዘይት የተሞሉት የቆርቆሮ ኮንደንሰሮች ዘይታቸው ለጤና አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አይከፈቱ። የወጡት ዕቃዎች በከረጢት ተደርገው፤ የተለወጡበትም ቀን ተጽፎ፤ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጡ። እንዲህ ከሆነ ታሪኩም ቤቱም ይጠበቃል።

እንግዲህ የቤቱ ጌታና እመቤት ራዲዮውን ለሠራተኛ ሲሰጡ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ይጠይቁ። ፊውዙ ስንት አምፔር ነው፤ ምን ዓይነትስ ነው? አስቀድሞ የተቃጠለበት ምክንያት ተገኘን? ከመሥመሩ ላይ ያሉት ኮንደንሰሮች ተለውጠዋልን፤ በላያቸውስ ኤክስና ዋይ የሚል አለን? በሽቦ የታለፈ ወይም በቆርቆሮ የተደፈነ ጠባቂ አለን? የቮልቱ መምረጫ በ220 ላይ ነውን? ለእነዚህ በቅን የሚመልስ ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ምን ያደርግልዎታል፤ ዋናው መናገሩ ነው የሚል ግን ዕቃዎን ይዘው ወደ ሌላ እንዲሄዱ ያስታውቅዎታል። ራዲዮው ወደ ቤት ሲመለስም የሚያምር ዳንቴል በላዩ ማልበስ የቤታችን ልማድ ነውና፤ ዳንቴሉ የኋላውንና የላዩን የአየር ቀዳዳ እንዳይሸፍን ይሁን።

የእኛ ራዲዮ ትራንስፎርመሩ እንደ ገና ተጠቅልሎ፤ ጠባቂዎቹ ሁሉ ተተክተው፤ ዛሬ በስፍራው ተቀምጦ ይናገራል። የጥገናው ዋጋ ፊውዙ በተቃጠለበት ቀን ቢሠራ ኖሮ ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ሆነ። እናቴ ሸክላውን ስትሰማ አሁንም አንድ ዓይኗ ከግድግዳው ገመድ አይነሣም፤ አንድ ጊዜ የደነገጠ ልብ ቶሎ አያምንምና። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ትንሹ የብርጭቆ ፊውዝ ያ ቅጠል ነው። እርሱን በስፍራው ያኖረ ሰው የአባቱን ዜማ ያለ ፍርሃት ሊሰማ ይችላል፤ ልጆቹም በራዲዮው ዙሪያ ያለ ሥጋት ይሰበሰባሉ።